ከውበት ቀዶ ጥገና በኋላ ለፀጉር መርፌ አትቸኩሉ

በቅርቡ የውበት ቀዶ ጥገና ያደረጋችሁ፣ ፀጉራችሁ መርገፍ ሲጀምር ፒአርፒ የሚባለውን የፀጉር መርፌ ለመወጋት አትሩጡ። ከባድ ቀዶ ጥገና ብዙ የፀጉር ሥሮችን ባንዴ ዕረፍት ውስጥ ይከታል። ፀጉሩ የሚረግፈው ግን ወዲያው አይደለም፤ ከ2 እስከ 3 ወር ቆይቶ ነው። ማበጠሪያው ላይ እፍኝ ሙሉ ፀጉር ማየት ያስደነግጣል። አብዛኛውን ጊዜ ግን በ6 ወር ውስጥ በራሱ ይቆማል፣ ተመልሶም ይበቅላል። ለዚህ ብሎ ገንዘብ ማፍሰስ በጣም ያሳዝነኛል።

የፀጉራችሁ መሳሳት በዘር የመጣ ከሆነና መርፌውን ከፈለጋችሁ፣ መጀመሪያ ቀዶ ጥገናውን የሠራላችሁን ሐኪም አማክሩ። ፒአርፒ የሚዘጋጀው ከራሳችሁ ደም ነው፤ ዋናው ነገር ፕላትሌቱ፣ ማለትም ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል ነው። እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎች ደግሞ የፕላትሌትን ሥራ ያዳክማሉ። ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ከሆነ መርፌውን ለሚሰጣችሁ ባለሙያ ሳትናገሩ እንዳትቀሩ፤ በራሳችሁ ውሳኔ ግን እንዳታቋርጡት። የተሠራችሁት ሊፖሳክሽን (ስብ መምጠጥ) ከሆነ ደም ሊያንሳችሁ ስለሚችል ሄሞግሎቢንና ፌሪቲን (የደምና የብረት ክምችት መጠን) ተመርመሩ። ግንባር ወይም ፊት ያስወጠራችሁ ደግሞ፣ ስፌቱ ብዙ ጊዜ ፀጉር ውስጥ ስለሚገባ ቁስሉ በደንብ ሳይድን ጭንቅላታችሁን መርፌ እንዳታስነኩ።