ባትሪ ተቀይሮለትም አንዴ እሺ አንዴ እምቢ የሚል የመኪና ሪሞት

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራለሁ። ሪሞት ይዞ የሚመጣልኝ ሰው ብዙ ነው፤ የአብዛኛው ሰው ችግር ደግሞ አንድ ዓይነት ነው። ባትሪ መቀየርን፣ ሁለተኛውን ቁልፍ መሞከርን፣ የመኪናውን ባትሪ ማየትን እንደምታውቁ ቆጥሬ አልፈዋለሁ።

ጠዋት እምቢ ብሎ ፀሐይ ሲሞቅ እሺ ካለ፣ ባትሪው ደክሟል። ብርድ ጉልበቱን ይቀንሰዋል፤ ከጮቄ በኩል የሚመጣውን የማርቆስ ጠዋት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ዝም ብሎ ሲለካ 3 ቮልት ስለሚያሳይ ሰው ይታለላል። የሚለካው በተኑ ተጭኖ ሳለ ነው፤ ያኔ ወደ 2.7 ከወረደ ቀይሩት።

መኪናው ውስጥ ስትሆኑ ብቻ እምቢ ካለ፣ የተሰካውን ርካሽ ቻርጀር ነቅላችሁ ሞክሩ።

ልጅ ሲጫወትበት ውሎ መሥራት ካቆመ፣ ኮዱ፣ ማለትም ሪሞቱ ለመኪናው የሚልከው ምስጢራዊ ቁጥር፣ ከመኪናው ጋር ተለያይቷል። ሪሞቱ በተጫነ ቁጥር ኮዱን ይቀይራል፤ ከመኪናው ርቆ ብዙ ጊዜ ከተጫነ መኪናው ሊከተለው አይችልም። እንደገና ማስተዋወቅ ነው፤ አንዳንዱ መኪና በራሱ ቁልፍ፣ አንዳንዱ በማሽን ይሠራል።

በሩ ተከፍቶ ሞተሩ ካልተነሳና በቅርቡ ሽፋኑን ካስቀየራችሁ፣ መኪናው ቁልፉን የሚለይባት ትንሿ ቺፕ በአሮጌው ሽፋን ውስጥ ቀርታለች። ሽፋን የሚቀይር ሰው ሁሉ ይህን ይስማኝ፦ አሮጌውን ሽፋን አትጣሉ! አንድ ከፍኖተ ሰላም የመጣ ሾፌር መኪናው ተጎትቶ ነው የደረሰው፤ ቺፗ እሱ በጣለው ሽፋን ውስጥ ሄዳለች።

አሁን ወደ ዋናው። ሪሞቱ ሲጨብጡት ይሠራል፣ ሲለቁት ይጠፋል። ጠረጴዛ ላይ መታ ሲያደርጉት ይነቃል፣ ኪስ ገብቶ ሲወጣ ደግሞ ዝም ይላል። ሰው ይህን ሲያይ ባትሪ ይገዛል። አንድ የቢቸና ነጋዴ «ልጄ፣ ሦስተኛ ባትሪዬ ነው፤ አሁንስ ሪሞቱ ራሱ ሞቷል» ብለው አመጡልኝ። ስከፍተው ከባትሪው ሥር አራት ጊዜ የታጠፈ የሲጋራ ብርማ ወረቀት አገኘሁ። ወረቀቱን ያስገባው ባትሪውን የሸጠላቸው ሰው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በባትሪው ላይ ያለው ቁጥር ልኩን ይናገራል። 2032 ማለት ስፋቱ 20 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 3.2 ሚሊ ሜትር ነው። 2025 ስፋቱ ያው 20 ሆኖ ውፍረቱ 2.5 ነው። ሱቁ 2032 ሲያጣ «ያው ነው» ብሎ 2025 ይሰጣል፤ ቮልቱም ያው 3 ነው። ግን 0.7 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይቀራል፣ ባትሪውም ይንቀጠቀጣል። ክፍተቱን ለመሙላት ወረቀት ይታጠፋል። የሲጋራው ብርማ ወረቀት ደግሞ አንደኛው ገጹ ወረቀት ነው፤ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ብረቱ ተርፎ የባትሪውን ጠርዝ ከነካ ደግሞ ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ ይገናኛሉ፣ አዲሱ ባትሪ በአንድ ሌሊት ያልቃል። ልክ ያልሆነ ባትሪ «ያው ነው» ብሎ የሚሸጥ ሰው በእውነት ያናድደኛል፤ በእሱ የተነሳ ገበሬው እህሉን ሸጦ የገዛት መኪና በር ላይ ቆማ ትቀራለች።

ወረቀቱ ቢወጣም ጉዳቱ ይቀራል። ባትሪውን የሚይዙት የብረት ምላሶች ተጨፍልቀዋል፣ ወይም በቢላ ሲፈለቀቁ ከቦርዱ ጋር የያዛቸው ሳልዳ፣ ማለትም ቀልጦ የሚያጣብቀው ብረት፣ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ በዓይን አይታይም ማለት ይቻላል፤ በማጉያ መነጽር ሲያዩት በምላሱ እግር ዙሪያ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር ቀለበት አለ።

ለማረጋገጥ ባትሪው ላይ ለኩ፣ ከዚያ ቦርዱ ላይ የምላሱ እግር ዘንድ ለኩ። ባትሪው ላይ 3.1 አሳይቶ ቦርዱ ላይ ቁጥሩ ከዘለለ ወይም ዜሮ ከሆነ፣ ጥፋቱ መያዣው ነው።

ምላሱ ከተጨፈለቀ በቀጭን መቆንጠጫ ቀስ ብላችሁ ወደ ባትሪው አቃኑት፤ ሁለት ጊዜ ከታጠፈ ይሰበራልና አንዴ በልክ አድርጉት። አረንጓዴ ዝገት ካለ በአልኮል በረጠበ ጥጥ ጥረጉና በደንብ አድርቁ። ቤንዚን አትጠቀሙ፣ ሽቶ አትጠቀሙ፣ አረቄም አይሆንም፤ ውስጡ ያለው ውኃ ሪሞቱ ላይ ይቀራል። ሳልዳው ከተሰነጠቀ ቀጭን ጫፍ ባለው መበየጃ፣ በትንሽ አዲስ ሳልዳ፣ ከሦስት ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ መልሱት። ከዚያ በላይ ከቆየ ከሥር ያለው የመዳብ መስመር ይላጣል።

ባትሪው በቦታው እያለ በፍጹም አትበይዱ። ሽቦ በቀጥታ ባትሪው ላይ የሚበይዱ አይቻለሁ፤ ሊትየም ነው፣ ሊፈነዳ ይችላል። ያወጣችሁትን አሮጌ ባትሪም ጠረጴዛ ላይ አትተዉ። ሕፃን ከዋጠው በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮውን ሊያቃጥል ይችላል፤ ያኔ ሳይዘገይ ሐኪም ቤት ነው።

ክረምት ላይ፣ በተለይ እንጅባራና ዳንግላ አካባቢ፣ ችግሩ ሌላ መልክ ይይዛል፦ ዝናብ የገባበት ሪሞት ሲደርቅ ለሳምንት ይሠራና ዝገቱ ሥራውን ሲጀምር ይጠፋል። «ደርቆ ሠርቷል» ብላችሁ አትተዉት፣ በዚያው ቀን ክፈቱትና ባትሪውን አውጡ።

መንገድ ላይ ሪሞቱ መሥራት ቢያቆምባችሁ፣ ደጀን ላይም ይሁን ዓባይ በረሃ፣ አትደንግጡ። በተን ተጭኖ የሚነሳ መኪና ከሆነ ሪሞቱ ውስጥ የተደበቀ የብረት ቁልፍ አለ፣ በሩን በእሱ ክፈቱ። ቶዮታ ከሆነ ፍሬን ረግጣችሁ ሪሞቱን በዓርማው በኩል ማስነሻው ላይ አስነኩት፤ ድምፅ ሲሰጥ ጫኑት። ቺፗ ባትሪ አትፈልግም።

ጠግናችሁ ከዘጋችሁት በኋላ ሃያ ጊዜ ጫኑት፤ አሥሩን ዝም ብላችሁ፣ አሥሩን እያወዛወዛችሁ። አንድ ጊዜ እንኳ ከሳተ እንደገና ክፈቱት።