ባዶውን ዜሮ አታድርጉት፦ የበልግ ዝናብ መዝገብ ላይ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

ሰሞኑን የመመረቂያ ጽሑፉን የሚሠራ አንድ ልጅ ላፕቶፑን ይዞ ቤቴ መጣ። ግራፉ ላይ የአንዱ ዓመት በልግ መሬት ነክቷል። «ጋሼ፣ ያን ዓመት ሚያዝያ ላይ ጠብ አላለም» አለኝ። ያንን ሚያዝያ አስታውሰዋለሁ። እዚህ ደሴ፣ ፒያሳ ላይ ጎርፉ ጫማዬን ነጥቆኝ ሊሄድ ነበር። መዝገቡን አስከፈትኩት። የ19 ቀናት ሣጥኖች ባዶ ናቸው። መዝጋቢው ታሞ ይሁን ሥራ ለቆ አይታወቅም። ልጁ ደግሞ ኤክሴሉ ላይ ባዶውን ሁሉ በ0 ሞልቶት ቁጭ ብሏል።

ይሄን ነገር ስንቴ እንዳየሁት! 0 ማለት እኮ አንድ ሰው በጠዋት ተነስቶ፣ ጭቃ ረግጦ፣ የዝናብ መለኪያውን ከፍቶ፣ ውስጡ ምንም አጣ ማለት ነው። ባዶ ሣጥን ማለት ማንም አላየም ማለት ነው። ሁለቱን አንድ ስታደርጉ በሌላችሁበት ቀን ድርቅ ትፈጥራላችሁ። የደላንታ ገበሬ የበልግ ገብስ በሰበሰበበት ዓመት የእናንተ ግራፍ በልግ የለም ይላል። የዝናብ ድምር ላይ ሕጉ ጥብቅ ነው፦ የአንድ ቀን ልኬት ከጎደለ የወሩ ድምር ሙሉ አይደለም። ሙቀት ላይ ትንሽ ይቅርታ አለ። ከ11 ቀን በታች ከጎደለና አምስት ቀን በተከታታይ ካልጠፋ የወሩን አማካይ ማውጣት ይቻላል። «መደበኛ» ለሚባለው የ30 ዓመት አማካይ ደግሞ ቢያንስ የ24 ዓመት ሙሉ መረጃ ይፈለጋል። ልጁ «ታዲያ ምን ልሙላበት?» አለኝ። ምንም! ሰረዝ አድርግበት።

የራሴ የቤት የዝናብ ደብተር ከጥቅምት 2014 መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ባዶ ነው። ለምን እንደሆነ ለደሴ ሰው አልነግረውም። የእህቴ ልጅ ወደ ኮምፒውተር ስትገለብጥልኝ እሷም ዜሮ ልትሞላ ስትል እጇን ያዝኳት።

በነገራችን ላይ፣ ካፊያ ብሎ የቀረም ዜሮ አይደለም። ከ0.1 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ «ትሬስ» ተብሎ ይጻፋል። ድምር ላይ ምንም አይጨምርም፣ ግን ያን ቀን ሰማዩ ደረቅ እንዳልነበር ይመሰክራል።

ቀጥሎ የቀን መቁጠሪያው ጣጣ። ማርች ማለት መጋቢት አይደለም። ማርች የሚጀምረው የካቲት 22 ነው፣ የሚያልቀው መጋቢት 22። ደብተሩን በእኛ ወር ደምሮ ከማርች አማካይ ጋር የሚያወዳድር ሰው የተለያዩ ቀናትን ነው የሚያወዳድረው። በልግ ገና በሚገባበት ሰሞን ደግሞ የዘጠኝ ቀን ልዩነት ቀላል አይደለም። ወቅቱም እንዲሁ ያምታታል። የሚቲዎሮሎጂ ሰዎች በልግ የሚሉት ከፌብሩዋሪ እስከ ሜይ ያለውን ነው፣ በእኛ ከጥር 24 እስከ ግንቦት 23 አካባቢ። በቤተ ክርስቲያኑ የዘመን አቆጣጠር፣ በባሕረ ሐሳቡ፣ ፀደይ ወይም በልግ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። ከተሜው ደግሞ አደይ አበባ ሲያይ መስከረምን ፀደይ ይለዋል። አንዷ ተማሪ የእንግሊዝኛውን «ስፕሪንግ» ፀደይ ብላ ተርጉማ፣ ፀደይን መስከረም አድርጋ፣ የክረምት መውጫን ዝናብ የበልግ ብላ አመጣችልኝ። ስቄ ልሞት! እሷም ሳቀች፣ ከዚያ እንደ አዲስ ሠራችው።

ሰዓቱንም እዩ። ዝናብ የሚነበበው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው፣ ያለፈውን 24 ሰዓት ይዞ። መጋቢት 10 ጠዋት ያነበባችሁት ውሃ ብዙውን ጊዜ የመጋቢት 9 ከሰዓት ወይም የሌሊቱ ዝናብ ነው። በየትኛው ቀን እንደምትጽፉት ወስኑና ደብተሩ ሽፋን ላይ አስፍሩት።

የኮምቦልቻን አማካይ ለደሴ አታውሱ። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም መሃል የሐረጎ ተራራ አለ። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ብትሉት የአራት ዲግሪ ልዩነት ይመጣል። ከደሴ ጋቢ ተከናንቦ የተሳፈረ ሰው ኮምቦልቻ መናኸሪያ ሲደርስ ጋቢውን በክንዱ የሚይዘው ለዚህ ነው። ስልክ ላይ ያለው ትንበያም መለኪያ አይደለም፣ የኮምፒውተር ስሌት ነው።

«ከመደበኛው በላይ» ስትሉ የየትኛው 30 ዓመት መደበኛ? አሁን የሚሠራበት ከ1991 እስከ 2020 እንደ ፈረንጆቹ ያለው ነው። የድሮውን ከተጠቀማችሁ ጻፉት።

የአንድ ቀን የዝናብ አማካይም ያሳስታል። እንበል በ30 ዓመት ውስጥ ሚያዝያ 5 ቀን 25 ጊዜ ጠብ አላለም፣ አምስት ጊዜ ደግሞ 18 ሚሊ ሜትር ጣለ። አማካዩ 3 ሚሊ ሜትር ይመጣል። በዚያ ቀን ግን 3 ሚሊ ሜትር ዘንቦ አያውቅም። የስምንት ዓመት ደብተር ይዞ «በታሪክ ታይቶ የማይታወቅ» የሚለውንስ ምን ልበለው? «ደብተሬ ከያዘው ሁሉ ከፍተኛው» ቢል ማን ይከለክለዋል?

በረዶ ሲጥል አትድፉት። አንድ ጀማሪ «ይሄ ዝናብ አይደለም» ብሎ ደፍቶት አይቻለሁ። የለካችሁትን ሙቅ ውሃ ጨምሩበት፣ ይቅለጥ፣ ከዚያ ጠቅላላውን ለክታችሁ የጨመራችሁትን ቀንሱ።

ባሕር ዛፍ ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚያታልለው። መለኪያው ሲተከል ችግኝ ነበር። ከዓመታት በኋላ አድጎ ዝናቡን ይጋርዳል፣ መዝገቡም በየዓመቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ሰው የአየር ንብረት ለውጥ ይላል፣ ነገሩ ባሕር ዛፉ ነው። ዛፉ ከመለኪያው አፍ በላይ 10 ሜትር ከሆነ ቢያንስ 20 ሜትር ይራቅ፣ ቦታ ካለ 40።

የመጨረሻው የእኔው ጉድ ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን መስፈሪያ ብርጭቆው ተሰበረ። መጋዘን ውስጥ ሌላ አገኘሁና በእሱ ቀጠልኩ። የኛ መለኪያ አፉ 203 ሚሊ ሜትር ስፋት ነበረው፣ ብርጭቆው ግን አፉ 127 ሚሊ ሜትር ለሆነ መለኪያ የተሠራ ነው። በዚህ ብርጭቆ የሚነበበው ቁጥር ከእውነተኛው በ2.56 እጥፍ ይበልጣል። አንድ ቀን 61 ሚሊ ሜትር ብዬ ላክሁ። ኮምቦልቻ ያለው ባልደረባዬ ደውሎ «አንተ፣ ቦርከና ወንዝ እኮ ከናንተ ነው የሚመጣው፣ የታለ ውሃው?» አለኝ። ያኔ ነው የነቃሁት። በ2.56 አካፍዬ ላስተካክለው አሰብኩ። ችግሩ ብርጭቆው በየትኛው ቀን እንደተሰበረ አልጻፍኩም። ከመጋቢት 3 በፊት ይሁን በኋላ ዛሬም አላውቅም። የዚያ ዓመት መጋቢት ላይ 17 ሰረዝ አለ፣ ሁሉም በእኔ እጅ ጽሑፍ።