የበግ ታፋ በጨው ውሃ ተዘፍዝፎ ከኮክ ጋር ሲጠበስ

ይህ አሠራር መጀመሪያ የአሳማ ነው። ፈረንጆች ሥጋውን በጨው ውሃ ያሳድሩታል፣ ከፖም ጋር ይጠብሱታል፣ ከወጣው ጭማቂም መረቅ ያዘጋጁለታል። ደሴ ላይ ግን ሙስሊሙም ኦርቶዶክሱም አሳማ አይበላምና እኔ በበግ ታፋ ለወጥኩት። በፖም ፈንታ ደግሞ ኮክ አለን።

ሁለት ኪሎ የሚሆን ታፋ ከነአጥንቱ፣ ስምንት ኮክ፣ ሁለት ቀይ ሽንኩርት፣ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ የጥብስ ቅጠል፣ ቁንዶ በርበሬ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ያስፈልጋል። ኮኩ ሲጫኑት ጠንከር ያለ ይሁን፤ የላመው እሳት ላይ ፈርሶ ገንፎ ይሆናል።

ዋናው ነገር ጨው ውሃው ነው። ለ3 ሊትር ውሃ 150 ግራም ጨው፤ በሚዛን። በሲኒ የሚለካ ሰው አልቀበልም፤ አንድ ሲኒ ደቃቅ ጨውና አንድ ሲኒ የደቀቀ የድንጋይ ጨው ክብደታቸው አይገናኝም። እኔ መጀመሪያ ሚዛን አልነበረኝም። «እንቁላል እስኪንሳፈፍ ጨው ጨምር» ያሉኝን ሰምቼ እንቁላሉ ብቅ እስኪል ድረስ ጨመርኩ። እንቁላል የሚያንሳፍፍ ውሃ ግን ከሚያስፈልገው እጥፍ ገደማ ጨው የያዘ ነው። በማግስቱ እንግዶቼ አንድ አንድ ጉርሻ ወስደው ውሃ መጠጣት ጀመሩ። አንዲት አክስቴ ብቻ «ቋንጣ ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀች።

ጨው ወደ ሥጋው ሲዘልቅ የራሱን ውሃ አጥብቆ እንዲይዝ ያደርገዋል፤ እሳት ላይ የማይደርቀው ለዚህ ነው። አንዱን ሊትር ከጨው፣ ከጥብስ ቅጠልና ከቁንዶ በርበሬ ጋር አፍልታችሁ ሁለቱን ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሩበት። ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ ሥጋውን እንዳትነክሩት። ዕቃው ፕላስቲክ ወይም የሸክላ ቅብ ይሁን፤ አልሙኒየም ከጨው ጋር አይስማማም። ማቀዝቀዣ ውስጥ ለ12 ሰዓት ይደር። «የደሴ ብርድ ራሱ ማቀዝቀዣ ነው» የሚል አይጠፋም፤ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ነፋስ አጥንት ቢሰብርም ሥጋን ከመበላሸት አያድንም።

ጠዋት ውሃውን ድፉት፣ ሥጋውን በንጹሕ ጨርቅ ደህና አድርጋችሁ አድርቁ። እርጥብ ሥጋ ይቀቀላል እንጂ አይቀላም። በቢላ ወጋ ወጋ አድርጋችሁ ነጭ ሽንኩርት ሸጉጡበት። ጨው አትጨምሩ።

ሽንኩርቱን ከሥሩ አንጥፋችሁ በ220 ዲግሪ ለ20 ደቂቃ፣ ከዚያ በ160 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ጥበሱት። መብራት ከጠፋ ወፍራም ብረት ድስት ከሰል ላይ ጥዳችሁ ክዳኑም ላይ ፍም አድርጉበት፤ እንዲያውም እኔ ይህኛውን እመርጣለሁ። ሊወጣ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ለሁለት የተሰነጠቁትን ኮኮች ጨምሩ። ከወጣ በኋላ 20 ደቂቃ ሳይቆረጥ ይረፍ።

እሱ ሲያርፍ መረቁን ሥሩ። የበግ ስብ ሲቀዘቅዝ ላንቃ ላይ ስለሚረጋ ከሁለት ማንኪያ በላይ አታስቀሩ። በዚያው ስብ ዱቄቱን እስኪሸት አቁላሉና ሙቅ ውሃ ጥቂት በጥቂት እያፈሰሳችሁ አማስሉ። የተዘፈዘፈበትን ውሃ እንዳትጨምሩ፤ ጨው ብቻ ሳይሆን የጥሬ ሥጋ ደም አለበት። ሁለት ኮክ ጨፍልቃችሁ ከቷቸው፣ ጥቂት ሎሚም ጨምቁ። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ የዱቄቱ ጥሬ ጣዕም እስኪጠፋ ከቆላ ይልቅ ትንሽ ይቆያል። ከዚያ አጣሩት።

በድፎ ዳቦ ከሆነ መረቁን ቀጠን፣ በእንጀራ ከሆነ ወፈር አድርጉት።