ጆን የተባለ ሁሉ የእርስዎ ጆን አይደለም፦ ከእንግሊዝ የመጣ ቅድመ አያት ሲፈለግ የሚሠሩ ስህተቶች

ልጄ ከትምህርት ቤት የዘር ሐረግ ሥሪ ተብላ ስትመጣ የእኔ ወገን በአንድ ምሽት አለቀ። አባቴ በልጅነቴ ያስጠኑኝን ሰባት ቤት በቃሌ ቆጠርኩላት፣ እሷም ጻፈች። የእናቷ ወገን ግን ሦስት ዓመት ፈጅቶ ገና አላለቀም። ባለቤቴ የቨርጂኒያ ተወላጅ ናት። ቤተሰቧ በ17ኛው መቶ ዓመት ከእንግሊዝ የመጣውን ሰው ስሙን ያውቃሉ፤ ከየትኛው መንደር እንደ ተነሣ ግን የሚያውቅ የለም። በዋሽንግተን ዙሪያ ከምንኖረው መካከል እንዲህ ያለ የቤት ሥራ የሚደርሰው ሌላም አባት አይጠፋምና የወደቅሁባቸውን ጉድጓዶች ላሳየው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፍለጋውን ከእንግሊዝ መጀመር

የስህተቶቹ ሁሉ እናት ይህች ናት። ኮምፒውተር ላይ ስሙን ሲጽፉት በምዕራብ እንግሊዝ አንድ አጥቢያ በተስማሚው ዓመት ክርስትና የተነሣ ሕፃን ይመጣል። ስሙ ያው፣ ዕድሜው ልክ። እኔም እንዲህ ያለ ሕፃን አግኝቼ አራት ወር ሙሉ ደስ ብሎኝ ከረምኩ። በኋላ እዚያው መዝገብ ላይ ጥቂት ገጾች ወረድ ስል ያው ልጅ በሁለት ዓመቱ ተቀብሮ አገኘሁት። በዚያ ዘመን እንግሊዞች ልጆቻቸውን ጆን፣ ዊሊያም፣ ቶማስ እያሉ ሲጠሩ ሰልችቷቸው አያውቅም፤ ስም ብቻውን ምንም አይመሰክርም። የክርስትናውን መዝገብ ያየ ሰው የቀብሩን ሳያይ አይነሣ።

በዚህ ወጥመድ ሊቃውንትም ተይዘዋል። የጆርጅ ዋሽንግተን የአያት አባት ጆን ዋሽንግተን ቨርጂኒያ የደረሰው በ1656 ወይም በ1657 ነው። ፕሬዚዳንቱ በ1792 ለእንግሊዙ የአርማ ሹም (የባላባቶችን አርማና የዘር ሐረግ ለሚመዘግበው) ለሰር አይዛክ ሄርድ ሲጽፉ፣ አባቶቻቸው ከሰሜን እንግሊዝ፣ ምናልባት ከላንክሻየር ወይም ከዮርክሻየር እንደ መጡ መስማታቸውን ገለጹ። ሄርድ በበኩሉ በኖርዝሃምፕተንሻየሩ የዋሽንግተን ቤተሰብ ውስጥ ጆንና ሎረንስ የሚባሉ ወንድማማቾች አገኘ። ቨርጂኒያ የገቡትም ወንድማማቾች ጆንና ሎረንስ ነበሩ። ስሙ ገጠመለት፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሁሉም እሱን ቀዳ። በ1866 ጆሴፍ ቼስተር የተባለ አሜሪካዊ ሲያጣራ ግን ያ ጆን ሰር የሚል ማዕረግ ያለው ባላባት፣ ያ ሎረንስ ደግሞ ቄስ ሆነው ተገኙ፤ ስደተኞቹ እነሱ ሊሆኑ አይችሉም።

እውነቱ በ1889 ሲወጣ ያወጣው ሄንሪ ዋተርስ ነው፤ የሄደውም ወደ ውርስ መዝገብ ነበር። ሃርትፎርድሻየር ውስጥ ትሪንግ በምትባል ከተማ የኖረች አምፊሊስ ዋሽንግተን የተባለች መበለት ስትሞት ንብረቷን እንዲያጣራ የተሾመው ልጇ ጆን ነው። የትሪንግ አጥቢያ መዝገብ ደግሞ ሎረንስ በ1635 እዚያ ክርስትና መነሣቱን ይዟል። የሁለቱ ስደተኞች አባት ማን ሆኖ ተገኘ ቢሉ፣ ያው ቼስተር ስደተኛ አይደለም ያለው ቄስ ሎረንስ! ሄርድ ቤተሰቡን አልሳተም፤ ልጁን ፈልጎ አባቱን ነው የያዘው። ያ የሰሜን እንግሊዝ ወሬም ከባዶ የመጣ አልነበረም። የጥንት አያቶቻቸው በእርግጥ ላንክሻየር ኖረዋል፤ መርከብ የተሳፈረው ትውልድ ግን የደቡብ ሰው ነው።

የመሬት ወረቀቱን ቀን የመርከቡ ቀን ማድረግ

ከ1618 ጀምሮ ቨርጂኒያ ውስጥ የአንድን ሰው የመርከብ ዋጋ የከፈለ ሁሉ በሰው 50 ኤከር መሬት ይገባው ነበር። በእኛ ልኬት ግማሽ ጋሻ ያህል ማለት ነው። የተጓዦቹ ስም ከመሬት ወረቀቱ ግርጌ ይዘረዘራል፤ ብዙ ፈላጊ ይህን ዝርዝር የተሳፋሪ መዝገብ አድርጎ ያነበዋል። ነገር ግን ሰዎች ይህን መብት እንደ ሸቀጥ ይሸጡትና ይገዙት ነበር። በ1650 የገባ ሰው ስሙ በ1658 በማያውቀው ሰው መሬት ላይ ሊወጣ ይችላል። ሄዶ የተመለሰ ነጋዴ ሁለት ሦስት ጊዜ ይቆጠራል። ጆን ዋሽንግተንና ኒኮላስ ስፔንሰር በጋራ የያዙት፣ በኋላ የጆርጅ ዋሽንግተን ርስት ማውንት ቨርነን የበቀለበት 5,000 ኤከር የተጠየቀው በ100 ሰዎች ስም ነው፤ መቶዎቹ በአንድ መርከብ ተጭነው መጡ ማለት ግን አይደለም። ወረቀቱ የሚመሰክረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰውየው ከዚያ ቀን በፊት አንድ ጊዜ ባሕሩን ተሻግሯል።

የተሳፋሪ ዝርዝር መጠበቅም ተስፋን ማባከን ነው። አሜሪካ መርከቦች ዝርዝር እንዲያስረክቡ በሕግ ያስገደደችው በ1820 ነው። ከዚያ በፊት የተረፈው ጥቂት ነው፤ የለንደን ወደብ የ1635 መዝገብና ብሪስቶል ከ1654 ጀምራ የጻፈችው፣ ከ10,000 በላይ የውል አገልጋዮችን (የመርከብ ዋጋቸውን በጉልበታቸው ሊከፍሉ የተዋዋሉትን) የያዘው መዝገብ ዋነኞቹ ናቸው። ከብሪስቶል የተነሣ ሁሉ የብሪስቶል ልጅ እንዳልሆነ ደግሞ፣ ከቦሌ የተሳፈርን ሁላችን የቦሌ ልጆች አለመሆናችን ያስረዳል።

አዲስ ዓመትን ጃንዋሪ ላይ መፈለግ

በዚህ እንኳ እኔ መሳሳት አልነበረብኝም። የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት ስደምርና ስቀንስ ያረጀሁ ሰው ነኝ። አንድ ጥንዶች በኤፕሪል 1680 ተጋብተው ልጃቸው በፌብሩዋሪ 1680 ክርስትና ተነሣ የሚል ሳነብ ግን፣ ከጋብቻ በፊት የተወለደ ልጅ አገኘሁ ብዬ ለባለቤቴ በሹክሹክታ ነገርኳት። ልጁ የተወለደው ከሠርጉ አሥር ወር በኋላ ነበር። እስከ 1751 ድረስ በእንግሊዝና በቅኝ ግዛቶቿ ሕጋዊው ዓመት የሚለወጠው ማርች 25 ቀን፣ መልአኩ ማርያምን ባበሠረበት በዓል ነው። በዚያ ዘመን እንግሊዞች በጁልየስ አቆጣጠር ስለነበሩ፣ ያ ቀን ከእኛው መጋቢት 29፣ ከጽንሰቱ በዓል ጋር በትክክል አንድ ቀን ነው። ይህን ሳውቅ መዝገቡ የዘመድ መሰለኝ።

ስለዚህ ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 24 ያለን ቀን ሲያገኙ ሁለቱንም ዓመት ይጻፉ፤ የአምፊሊስ ዋሽንግተን ጉዳይ ፌብሩዋሪ 1655/6 ተብሎ እንደሚጻፈው ማለት ነው። ኩዌከሮች የተባሉት የፕሮቴስታንት ወገኖች ወሮችን በቁጥር ይጠሩ ስለነበር ከ1752 በፊት "አንደኛው ወር" ሲሉ ማርች ነው። በ1752 ደግሞ ከሴፕቴምበር 2 ማግስት ሴፕቴምበር 14 ሆነ፤ በመካከል የተወለደ ሰው ቢፈልጉ አያገኙም።

የዝምድና ቃላትን በዛሬ ትርጉም ማንበብ

ዛሬ አማች የሚባልበት የእንግሊዝኛ ቃል (son-in-law) ያኔ የእንጀራ ልጅም ይባልበት ነበር። ሰውየው በኑዛዜው ለ"አማቹ" መሬት ከሰጠ ሴት ልጅ ነበረችው ብለው አይደምድሙ፤ መበለት አግብቶ ሊሆን ይችላል። የአጎት ልጅ የሚመስለውም ቃል (cousin) ብዙ ጊዜ የወንድም ወይም የእህት ልጅ ነው። "ትልቁ" (Senior) እና "ትንሹ" (Junior) የሚሉት ቅጥያዎችም ሁልጊዜ አባትና ልጅ ለማለት አይደሉም። በአንድ አካባቢ ሁለት ቶማሶች ካሉ ጸሐፊው በዕድሜ ይለያቸዋል፤ ትልቁ ሲሞት ትንሹ "ትልቁ" ይሆንና ፈላጊው ራሱን ይይዛል።

የውል ቃልን እንደ ተራ ወሬ መውሰድ

የመሬት ሽያጭ ብዙ ጊዜ በሁለት ተከታታይ ቀናት በሁለት ወረቀት ይፈጸም ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሻጩ መሬቱን ለአንድ ዓመት በ5 ሺሊንግ ያከራያል፤ በማግስቱ ባለቤትነቱን በእውነተኛው ዋጋ ይለቃል። ይህ የሕግ ሥርዓት እንጂ ኪራይ አልነበረም። የመጀመሪያውን ወረቀት ብቻ ያየ ሰው አያቴ ጭሰኛ ነበር ብሎ ያዝናል።

ለበኩር ልጁ አንድ ሺሊንግ ብቻ የተናዘዘ አባትም ልጁን ረገመው ማለት አይደለም፤ ልጁ መሬቱን ቀድሞ ተቀብሎ ሊሆን ይችላል። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ ይህ ሕግ በ1785 እስኪሻር ድረስ አባት ሳይናዘዝ ከሞተ መሬቱ በሙሉ የበኩሩ ነበር። በመሆኑም ምንም የውርስ ወረቀት ሳይኖር አንድ ሰው ያልገዛውን መሬት ሲሸጥ ካገኙት፣ የማን በኩር ነው ብለው ይጠይቁ። እኔ ከኑዛዜ ሁሉ ይልቅ የጠቀመኝ ይህ ጥያቄ ነው። በመሬት ሽያጩ ውል ላይ ሚስት የመበለት ድርሻዋን (ባሏ ቢሞት ከመሬቱ የሚደርሳትን) የተወችበትን መስመርም አይዝለሉት፤ የብዙ ሴቶች ስም የቀረው እዚያ ብቻ ነው።

ቤተ ክርስቲያኑን ለክርስትናና ለቀብር ብቻ መፈለግ

በእንግሊዝ የአጥቢያ መዝገብ የተጀመረው በ1538፣ በሄንሪ ስምንተኛ ዘመን በቶማስ ክሮምዌል ትእዛዝ ነው። የሚጽፈው ክርስትናን እንጂ ልደትን አይደለም። ከ1642 ጀምሮ በእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ብዙው ተቋርጧል። መዝገቡ ከጠፋ ወይም አይጥ ከበላው ለጳጳሱ በየዓመቱ ይላክ የነበረው ግልባጭ አለና "የለም" ከማለትዎ በፊት እሱን ይጠይቁ።

ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ ሰበካ ጉባኤው ከእኛው የበለጠ ሥልጣን ነበረው። ግብር ይጥላል፣ ድሃ ይረዳል፣ ከ1662ቱ ሕግ በኋላም በየአራት ዓመቱ ባለ መሬቶች ድንበራቸውን በእግር እየዞሩ እንዲያድሱ ያዛል። ማን ከማን ጋር ድንበር እንደ ዞረ በቃለ ጉባኤው ተጽፏል። የቨርጂኒያ ዋና ከተማ ሪችመንድ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ማብቂያ፣ በኤፕሪል 1865 ስትቃጠል፣ ለጥንቃቄ ተብሎ ከየአውራጃው ወደዚያ የተላከው የፍርድ ቤት መዝገብ አብሮ ነደደ። የኒው ኬንት አውራጃ መዝገብ ቀደም ብሎ በ1787 ተቃጥሏል፤ እዚያው ያለው የቅዱስ ጴጥሮስ አጥቢያ ቃለ ጉባኤ ግን ተርፏል። መንግሥት ያጣውን ቤተ ክርስቲያን ይዞታል።

አምሮ የታተመን ማመን

የቆዳ ሽፋንና ባለ አንበሳ አርማ ያለው የትውልድ መጽሐፍ ቤት ውስጥ ካለ ይጠንቀቁ። ጉስታቭ አንዡ የተባለ ሰው በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ለሀብታም አሜሪካውያን የፈለጉትን ዘር እየፈጠረ ሲሸጥ ኖሯል። የፈጠረው ሐረግ ዛሬም ከሰው ወደ ሰው ይቀዳል።

ጎረቤቱን መርሳት

የእኛ ሰው ስለ ራሱ አንድም ቦታ አልተናገረም። ድንበሩን አብሮት የዞረውና በሽያጩ ላይ ምስክር የሆነለት ጎረቤቱ ግን በኑዛዜው፣ ዊልትሻየር ላለች እህቱ 20 ሺሊንግ ትቶ የአጥቢያዋን ስም ጠቅሷል። በዚያ አጥቢያ መዝገብ የእኛም ሰው የቤተሰብ ስም አለ፤ የምንፈልጋቸው ዓመታት ገጾች ግን የሉም። ለጳጳሱ የተላከው ግልባጭ ይታይልን ብለን ቺፕንሃም ወዳለው ቤተ መዛግብት ጽፈናል። ልጄ በየቀኑ ደብዳቤ መጣ ወይ ትለኛለች።