ያገለገለ የምግብ ዘይት ሞተር ላይ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ያገለገለ የምግብ ዘይት ፍሳሽ ውስጥ ሲደፋ ቱቦ ይደፍናል፣ ውሃ ይበክላል። በትንሽ የናፍጣ ሞተር ሲቃጠል ግን ውሃ ይስባል፣ መብራት ያበራል። የሚለቀው ካርቦንም ተክሉ ሲያድግ ከአየር የወሰደው ነው። ለዚህ ነው ልፋቱ የሚያዋጣው። ነገር ግን ዘይት ናፍጣ አይደለም። በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ከናፍጣ 10 እጥፍ ገደማ ይወፍራል፤ አብዛኛው ጣጣም የሚመጣው ከዚሁ ነው።

ካንዴላ ያለው የቤንዚን ሞተር ላይ ግን በጭራሽ አትሞክሩት።

ሲቀዘቅዝ አልነሳም ይላል

የቀዘቀዘ ዘይት ነዳጅ ከሚረጨው ኖዝል እንደ ጉም በትኖ አይወጣም፤ እንደ ክር ይረጫል። ስለዚህ አይቀጣጠልም። ሁለት ታንክ ይኑራችሁ፤ አንዱ ለናፍጣ፣ አንዱ ለዘይት። በናፍጣ አስነሱት። ሞተሩ ሲግል፣ ዘይቱም በሞተሩ ሙቀት 70 እና 80 ዲግሪ መካከል ሲደርስ ቀይሩ። ከማጥፋታችሁ በፊት ደግሞ ለጥቂት ደቂቃ ወደ ናፍጣ መልሱት፤ ፖምፓውና ኖዝሉ ውስጥ ዘይት ማደር የለበትም። የፓልም ዘይት ከሆነ ይብሳል፤ ሳይሞቅ ይረጋል።

እየሠራ ጉልበት ያጣል፣ ከዚያ ይጠፋል

መጀመሪያ ፊልትሮውን ፍቱ። ቡናማ ዝቃጭ ከያዘ የምግብ ፍርፋሪና የረጋ ስብ ነው። ከታች ወተት የመሰለ ነገር ካለ ውሃ ገብቷል። ዘይቱ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ይዝቀጥ፤ ከላይ ከላዩን ብቻ ቅዱ። በጨርቅ ካጠለላችሁት በኋላ በ5 ማይክሮን ፊልትሮ አሳልፉት።

ውሃ መኖሩን ለማወቅ አንድ ማንኪያ ዘይት ደረቅ ድስት ላይ ከ100 ዲግሪ በላይ አሙቁ። ከተንጣጣ ወይም አረፋ ካወጣ ውሃ አለው። ፊታችሁን አርቁ፤ ይፈናጠራል።

ጭሱ በዝቷል

ገና ሳይግል የሚወጣ ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ነዳጅ ነው፤ ወደ ዘይት የቀየራችሁት ቶሎ ነው ማለት ነው። ከጋለ በኋላም ጥቁር ጭስ ካወጣ፣ ጭነቱን ቀንሱና ኖዝሉን አስወጥታችሁ እዩት። ቀዳዳው ዙሪያ እንደ አበባ የፈነዳ ካርቦን ታገኛላችሁ። ይጸዳ፣ ግፊቱም ይለካ። ሲረጭ ግን እጃችሁን ፊቱ አታድርጉ፤ ቆዳ በስቶ ይገባል። ያለ ጭነት ረጅም ሰዓት ማሠራት ካርቦኑን ያባብሰዋል፤ ጭነት ከሌለ በናፍጣ ይሥራ። ቅድመ ማቃጠያ ክፍል (ነዳጁ መጀመሪያ የሚቀጣጠልበት ትንሽ ክፍል) ያላቸው ሞተሮች በቀጥታ ከሚረጩት የተሻለ ይታገሳሉ።

የሞተር ዘይቱ ጨምሯል፣ ወይም ወፍሯል

ሞተር የሚገድለው ይሄ ነው፤ ግን ድምፅ ስለሌለው ብዙ ሰው አያየውም። ያልተቃጠለው የምግብ ዘይት በፋሻዎቹ (በፒስተኑ ዙሪያ ባሉት ቀለበቶች) አልፎ ወደ ታች፣ ወደ ሞተር ዘይቱ ይወርዳል። እንደ ናፍጣ ተኖ አይወጣም። እዚያው ከሙቀትና ከአየር ጋር ሆኖ ይወፍራል፣ በመጨረሻም እንደ ሙጫ ይሆናል። የቅባቱ መተላለፊያ ሲዘጋ ሞተሩ ይነክሳል፤ ተጣብቆ ይቆማል።

በየቀኑ ሳታስነሱት በፊት የዘይት መለኪያውን አውጡ። ከትናንቱ ከፍ ካለ፣ በጣታችሁ ስታሹት ከተለጠጠ፣ አታስነሱት። ዘይቱንና የዘይት ፊልትሮውን ቀይሩ፤ የመቀየሪያ ጊዜውንም በግማሽ አሳጥሩት። ከዚያም በኋላ ከጨመረ ፋሻዎቹ ተጣብቀዋል ወይም ኖዝሉ ያንጠባጥባል፤ መካኒክ ይክፈተው።

ቱቦው ያብጣል፣ ያልባል

ተራ ጎማ ዘይትና ባዮዲዝል (ከዘይት የሚሠራ ናፍጣ መሰል ነዳጅ) አይችልም። ቪተን ከሚባለው፣ ዘይት ከሚችለው ጎማ የተሠራ ቱቦ አስገቡ። መዳብና ነሐስ ዘይቱ ቶሎ እንዲበላሽ ስለሚያደርጉ ታንኩና መስመሩ ከማይዝግ ብረት ቢሆን ይመረጣል።

ይሄ ሁሉ ከከበዳችሁ ባዮዲዝል ይሻላል፤ ከዘይቱ ግሊሰሪን ስለሚወጣለት ውፍረቱ ወደ ናፍጣ ይጠጋል። ቤት ውስጥ ለማምረት ግን አትቸኩሉ። ለሥራው የሚያስፈልገው ሜታኖል የሚባል አልኮል መርዝ ነው፣ ነበልባሉም በቀን ብርሃን አይታይም። በአሮጌ ታንክ ባዮዲዝል ስትጀምሩ የድሮውን ቆሻሻ አጥቦ ስለሚያመጣ ፊልትሮው ቶሎ ይደፈናል፤ መለዋወጫ ያዙ።

ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተከምሮ ሲቀመጥ በራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት፣ ወይም ውሃ ባለበት ክዳን ያለው የብረት ዕቃ ውስጥ አስቀምጡት።