ሞተሩ ውኃ ጠጣ፦ ዝቅ ብሎ በተገጠመ የአየር ፊልትሮ ክረምትን ሲነዱ የሚሠሩ ስህተቶች

ፋብሪካው የአየር መሳቢያውን አፍ ከኮፋኖው ሥር ከፍ አድርጎ የሚያስቀምጠው ያለ ምክንያት አይደለም። “ቀዝቃዛ አየር ይስባል” ተብሎ የሚቀየረው ረጅም ቱቦ ግን ፊልትሮውን አውርዶ ከፓራውልቱ ጀርባ ወይም ከፓራፋንጎው ውስጥ ይሸጉጠዋል። በጋውን ያለ ችግር ይነዱታል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የቦርከና ወንዝ ሞልቶ ጨፋ ሜዳ ላይ ሲተኛ፣ ወይም ከጦሳ ተራራ የወረደው ጎርፍ የደሴን አስፋልት ሲሞላው ግን ያ ፊልትሮ ውኃው ውስጥ ነው።

ስህተት አንድ፦ ውኃን በጎማ መለካት

“የጎማውን ግማሽ ካላለፈ ግባ” የሚባለው ላልተነካ መኪና ነው። የቪትዝ ጎማ ቁመቱ 58 ሴ.ሜ አካባቢ፣ ግማሹ 29 ነው። የፊልትሮዎ የታችኛው ጠርዝ ከመሬት 25 ሴ.ሜ ላይ ከሆነ ጎማው ግማሽ ሳይደርስ ፊልትሮው ውኃ ነክቷል። ሜትር ይዘው ጎንበስ ይበሉና ከመሬት እስከዚያ ጠርዝ ይለኩ። ከተገኘው ላይ 10 ሴ.ሜ ይቀንሱ፤ መኪናው ሲገፋው ውኃው ፊት ለፊት ስለሚቆለል። የሚቀርዎት 15 ሴ.ሜ ነው፣ ስንዝር እንኳ አይሞላም። የሆርማትና የጎሊና ወንዞች ከደጋው ይዘውት የሚወርዱት ደራሽ ጎርፍ ደግሞ ቆቦ ላይ ጠብ ሳይል ሊመጣ ይችላል፤ ድፍርስ ስለሆነም ጥልቀቱ አይታይም። እሱን ቆሞ ማሳለፍ እንጂ መለካትም አያስፈልግም።

ስህተት ሁለት፦ “ትንሽ ውኃ ምን ያደርጋል?”

አየር ይጨመቃል፣ ውኃ እሺ አይልም። ባለ 1.3 ሊትር፣ ባለ አራት ሲሊንደር፣ 10 ለ 1 የሚጨምቅ ሞተር ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ከላዩ የሚቀረው ቦታ 36 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ግማሽ ሲኒ ማለት ነው። ከዚያ የበለጠ ውኃ ከገባ ፒስተኑ መውጫ ያጣል፣ ቢየላው (ፒስተኑን ከክራንኩ፣ ከሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ጋር የሚያገናኘው ክንድ) ይጎብጣል። 18 ለ 1 የሚጨምቅ 2.5 ሊትር ናፍጣም ቢሆን የሚተርፈው 37 ገደማ ነው። በዚያ ላይ ይህ ናፍጣ በደቂቃ 2,000 ዙር ሲዞር በየሰከንዱ ወደ 40 ሊትር አየር ይስባል፤ በዚህ ጉልበት ውኃ ሲስብ ግማሽ ሲኒ ለመሙላት ዓይን እስኪጨፈን አይፈጅበትም።

ስህተት ሦስት፦ ቶሎ ልለፍ ብሎ መርገጥ

በአንደኛ ማርሽ፣ ሰው በእግሩ በሚራመድበት ፍጥነት፣ ነዳጁን ሳያወዛውዙ ይለፉ። ከፊት ሲኖትራክ ወይም አይሱዙ እየመጣ ከሆነ አይግቡ፤ የእሱ ማዕበል ከለኩት በላይ ነው።

ስህተት አራት፦ ውኃ ውስጥ የጠፋን ሞተር ማስነሳት

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር እያለ ጠፍቶ ከሆነ ቢየላው ገና ደህና ሊሆን ይችላል፤ የሚሰብረው ቁልፉን ደጋግሞ ማዞር ነው። ገፍቶ ማስነሳት ደግሞ ይብሳል። ደሴ ቁልቁለት የማይጠፋባት ከተማ ናትና ለቀቅ አድርጎ ሁለተኛ ማርሽ ማስገባት ልማድ ሆኗል፤ ያኔ ግን ፒስተኑን የሚገፋው የመኪናው ሙሉ ክብደት ነው፣ ሞተሪኖ (ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን የሚያስነሳው) አይደለም።

ቁልፉን ያጥፉ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ይንቀሉ፣ በዜሮ ማርሽ ያስጎትቱ። አውቶማቲክ ከሆነ የሚነዱት ጎማዎች ከመሬት ይነሱ። ከዚያ ፊልትሮውን ፈትተው እጅዎን ቱቦው ውስጥ ያስገቡ። ከረጠበ ካንዴላዎቹን ሁሉ ያውጡ፣ ለናፍጣ ካንዴሌታውን (የማሞቂያ ካንዴላውን) ወይም ኢንጀክተሩን (ነዳጅ መርጫውን)። የኮይልና የኢንጀክተር ሶኬቶችን ይንቀሉ። በክራንኩ ፑሊ ብሎን ላይ ቁልፍ አስገብተው ሞተሩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ያዙሩ። እንቢ ካለ በጉልበት አይሞክሩ። በቀላሉ ከዞረ ባትሪውን መልሰው በሞተሪኖ 5 ሰከንድ ያህል ይምቱት፤ ውኃው በካንዴላው ቀዳዳ ተፈናጥሮ ስለሚወጣ ፊትዎን ያርቁ። በየሲሊንደሩ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ይጨምሩ። የሞተሩ ዘይት ወተት የገባበት ቡና መስሎ ከሆነ ሳያስነሱ ከነፊልትሮው ይቀይሩት፣ 10 ደቂቃ ካሠሩት በኋላም ይድገሙት።

ስህተት አምስት፦ “ተነሳ፣ እንግዲህ ተረፈ”

በትንሹ የጎበጠ ቢየላ ለሳምንታት ይሠራል፤ አንድ ቀን ሐርቡ መንገድ ላይ ተሰብሮ ብሎኩን በስቶ ይወጣል። ኮምፕሬሽን (እያንዳንዱ ሲሊንደር የሚጨምቀውን ግፊት) ያስለኩ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ንባቡ ከመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ቁጥር በሩብ ያህል ማነሱ የአየሩ መሳሳት ነው፤ አያስደንግጥዎት። የሚያሳስበው ሲሊንደሮቹ እርስ በርስ ከ1 ባር በላይ ሲለያዩ ነው። መለኪያ ከሌለ ቀጭን የእንጨት ዘንግ በካንዴላው ቀዳዳ አስገብተው እያንዳንዱ ፒስተን ጫፍ ሲደርስ ቁመቱን ምልክት ያድርጉበት። አንዱ ከሌሎቹ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ዝቅ ካለ ቢየላው ጎብጧልና ቴስታታው (የሞተሩ ክዳን) ተፈትቶ ይወርዳል።

ቀሪዎቹ ጥቃቅን ናቸው፣ ግን ይበዛሉ። ተሰብሮ የተጣለውን የፓራፋንጎ ፕላስቲክ አለመተካት፣ ጎማው ጭቃውን በቀጥታ ፊልትሮው ላይ እንዲረጭ መፍቀድ ነው። ላቫጆ ላይ ያልተሸፈነ ፊልትሮን በግፊት ውኃ ማሳጠብም ያው ነው። ፊልትሮው ላይ የሚለበሰው ጨርቅ ፍንጣቂ ይመልሳል፣ ከሰጠመ ግን አይከላከልም። ቱቦው መሐል የሚገጠመው የአየር ማስተንፈሻ ቫልቭም የሚያግዘው እሱ ራሱ ከውኃው በላይ ሲሆን ብቻ ነው፤ ተርቦ ላለው ሞተር አይሆንም።

ዳገቱ ላይ መኪናው የሚደክመው አየሩ ሞቆ ሳይሆን ሳስቶ ነው፤ ደሴማ ለቅዝቃዜ ማን ብሏት። ይህ ቱቦ የሳሳውን አየር አያወፍርም። ስለዚህ ሰኔ ሲገባ የፋብሪካውን ሳጥን መልሰው ይግጠሙ። ሳጥኑን ሸጠውት ከሆነ ቱቦውን አስቆርጠው ፊልትሮውን ወደ ባትሪው ከፍታ ያስወጡት፤ ከሞተሩ ሙቀት የሚለይ ቆርቆሮም ያስጋርዱለት።