የሲቢሲ ወረቀት ሲሰጣችሁ እንዲህ አንብቡት

ጅማ ውስጥ ትኩሳት ወይም ድካም ይዞት ሐኪም ጋ የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ ሲቢሲ፣ ማለትም የደም ሴሎችን የሚቆጥር የደም ምርመራ ይታዘዝለታል። ውጤቱ በቁጥር ታጭቆ ይመጣል፣ አብዛኛው ሰው ደግሞ አጥፎ ኪሱ ይከተዋል። መስመሩ ቢበዛም መጀመሪያ ሦስቱን ብቻ ፈልጉ።

አንዱ ሄሞግሎቢን ነው፤ ኤችጂቢ ይላል። ቀይ የደም ሴል ውስጥ ያለ፣ ብረት ያለው ፕሮቲን ነው፤ ኦክስጅን ከሳንባ ተቀብሎ ለመላ ሰውነት ያደርሳል። ለወንድ ከ13፣ ለሴት ከ12፣ ለነፍሰ ጡር ከ11 ካነሰ ደም ማነስ ነው። ከተማችን ግን ከባሕር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። ከፍታ ላይ ሰውነት ሄሞግሎቢኑን ትንሽ ከፍ ስለሚያደርግ፣ እዚህ 12 ያላት ሴት ለክፉ አይሰጥም ብላ ባትዘናጋ ይሻላል። ቡናን በተመለከተ፣ ተዉት ብል ጅማ ላይ ማን ይሰማኛል? ግን ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ሲጠጣ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዘዋል። ጀበናውን አንድ ሰዓት ያህል አዘግዩት። የብረት ክኒንማ በቡናም በሻይም አይዋጥም። ቀይ ሴል ወደ 120 ቀን ስለሚኖር፣ ደሙ እስኪተካ ጊዜ ይፈልጋል፤ በሳምንቱ ለውጥ የለም ብላችሁ ክኒኑን አታቋርጡ።

ሁለተኛው ደብሊውቢሲ፣ ማለትም ነጭ የደም ሴል ነው። ከ4 እስከ 11 ሺህ ጤነኛ ነው፤ ማሽኑ 7.2 ካለ 7,200 ማለቱ ነው። ከሥሩ ዓይነቶቹ ይዘረዘራሉ። ኒውትሮፊል በባክቴሪያ፣ ሊምፎሳይት ብዙ ጊዜ በቫይረስ፣ ኢዮሲኖፊል በአንጀት ትል ወይም በአለርጂ ይጨምራል። ጭንቀትና እርግዝናም ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታልና በዚህ ብቻ ፋርማሲ ሮጣችሁ አሞክሳሲሊን አትግዙ፣ በናታችሁ።

ሦስተኛው ፕላትሌት፣ ቁስል ሲደማ ደሙን የሚያቆመው። ከ150 እስከ 450 ሺህ መሆን አለበት። ወባ ሲይዝ ይወርዳል። ስለዚህ ግቤ በኩል ቆላ ወርዳችሁ ከነበረና ትኩሳት ካላችሁ ለሐኪሙ ንገሩት፣ የወባ ምርመራም ጠይቁ። ድድ ወይም አፍንጫ መድማት ከጀመረ ግን ለነገ አይባልም።

ፕላዝማ ወረቀቱ ላይ የለም። ደማችሁ የተቀዳበት ሐምራዊ ክዳን ያለው ብልቃጥ ሳይነካ ሲቆይ ከላይ የሚቀረው ቢጫ ፈሳሽ እሱ ነው፣ ከደሙ ግማሽ በላይ። አብዛኛው ውሃ ነው፤ ስኳሩን፣ ፀረ እንግዳ አካሉንና የሚያረጋውን ፕሮቲን ይዞ ይዞራል። ብልቃጡ ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት አለ፤ ባለሙያው ቀስ አድርጎ የሚገለባብጠው ለዚህ ነው። በደንብ ካልተደባለቀ ደሙ ይረጋና ፕላትሌቱ በውሸት ዝቅ ብሎ ይወጣል። ምንም ሳያማችሁ ፕላትሌታችሁ በጣም ወርዶ ካያችሁ፣ ከመደንገጣችሁ በፊት ምርመራው እንዲደገም ጠይቁ።